በሩን የዘጋው ጭራቅ

ሳጋቱራው የማይደርስበት ቦታ አልነበረም። ከመጋዙ ሥር ተነስቶ በሶፋ ሰፊዋ ፀጉር ላይ ያርፋል፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ቤቱ ደርሶ ካልሲውን ሲያወልቅ ከጣቶቹ መሀል ይወጣል። በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ እሱን የሚከለክለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ ቀለም ክፍሉ። ገና ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ ሳጋቱራ ካረፈ ቁም ሳጥኑ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ እንደገና ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ስለዚህ የቀለም ክፍሉ በር የሚከፈተው ሰው እስኪያልፍ ብቻ ነው።

ቀለም ቀቢው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር። የትም ይግባ የት፣ ከኋላው በር ሳይዘጋ እግሩ ወደፊት አይልም። ሱቅ ሲገባ ይዘጋል፣ ክሊኒክ ሲገባ ይዘጋል። አንዴ እንዲያውም የአውቶቡስ በር ሊዘጋ ሲታገል ረዳቱ «ወንድሜ፣ በሩ የራሱ ሞተር አለው!» ብሎት ተሳፋሪው ሁሉ ስቆበታል። ልማዱ ከአባቱ የመጣ ነው። አባቱም ቀለም ቀቢ ነበሩ። ልጃቸው ገና መሄድ ሲጀምር አንስቶ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «በሩን!» ይሉት ነበር። ከአባቱ ንግግር ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረችው ይህቺ ቃል ናት።

የሥራ ባልደረቦቹ ሬዲዮ ይሉታል። ስለማይናገር ነው።

«ሬዲዮ፣ ዛሬም ባትሪ የለህም?» ትለዋለች ሶፋ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት።

ሬዲዮ ፈገግ ይላል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ቀለም ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ሥራ ቤቱ የአጎቱ ነው። ድሮ የአጎቱ ብቻ አልነበረም፤ አባቱና አጎቱ በአንድ መጋዝና በአንድ ብሩሽ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ሬዲዮ በተወለደበት ቤት ጎን የጀመሩት ነው። አባቱ ከሞቱ በኋላ ግን አጎቱ እንጨት የሚያመጣው መኪና የሚዞርበት ቦታ ጠበበኝ አሉና ቤቱን አስፈረሱት። «አሮጌ ነው፤ የሚፈለገው ቦታው ነው» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። ሬዲዮም ያን ቀን ምንም አላለም። ይባስ ብሎ የበሮቹን ማጠፊያ በገዛ እጁ ፈትቶ፣ በሮቹን እየተሸከመ አወጣ። እናቱ አጥሩ ጥግ ቆማ፣ የሚያልፈውን በር ሁሉ በመዳፏ ትነካ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቤቱ በነበረበት ላይ መኪና ይዞርበታል። ሬዲዮም ያልዋጠው፣ ያልተፋውም ነገር ጉሮሮው ላይ እንደቆመ ይውላል ያድራል።

ትንሽ ያስተነፈሰው ጨዋታ ነው።

ጨዋታው የኩብ ዓለም ነው። መሬቱ፣ ዛፉ፣ ወንዙ፣ ከብቱ ሳይቀር ከኩብ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ ይቆፍራል፣ ይጠርባል፣ የፈለገውን ይገነባል፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ሬዲዮ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫነውና የራሱን ዓለም ከፈተ። ውሎ ሲያድር ሌሎቹም በስልካቸው እየገቡ ምሳ ሰዓት ላይ አብረውት መጫወት ጀመሩ። ሶፋ ሰፊዋ የአበባ ማሳ አለማች። መጋዙ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ መጋዝ የሚላቸው፣ እዚያም ገብተው ዛፍ ይቆርጣሉ። «ጋሼ፣ እዚህም እንጨት እዚያም እንጨት፣ ምን ዓይነት ዕረፍት ነው?» ሲሏቸው፣ «የዚያኛው መጋዝ አይጮህማ» ይላሉ።

ሬዲዮ ግን የፈረሰውን ቤታቸውን ሠራ። ወለሉ ላይ እየተጎተተ የሚከፈተውን በር፣ በግራ በኩል ዝቅ ያለውን ጣሪያ፣ የአባቱን የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ እናቱ ከወጥ ቤት ሆና ለአባቱ ሻይ የምታቀብልበትን ጠባብ መስኮት። ከክረምት እስከ በጋ ሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ቤቱ ሲዘጋ፣ እናቱ ትመጣለች። ሻርፗን አስተካክላ የአጎቱ የቢሮ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ በማውሱ ቤቷ ውስጥ ያዘዋውራታል።

«ቀስ በል፣ ደጃፉ ላይ ድንጋይ አለ።»

«አውቃለሁ እማ፣ ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ብታስቀምጠውስ! አባትህም ራሱ አስቀምጦት ራሱ ነበር የሚደናቀፍበት።»

ከዚያ ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ሲደርሱ «እዚህ ትንሽ እንቁም» ትለዋለች። ይቆማሉ። በመስኮቱ ባዶው የመሥሪያ ጠረጴዛ ይታያል። ሳምንቱን ሙሉ ወገቧን እያመማት የምትጠብቀው ይህችን መስኮት እንደሆነ ሬዲዮ ያውቃል።

የአጎቱ ልጅ ግን ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ አይሰጠውም። እሱን ልዑሉ ይሉታል። ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ የሚዞር፣ ደንበኛ ሲመጣ «የሠራነው እኛ ነን» የሚል፣ መዶሻ ግን በየትኛው ጎኑ እንደሚመታ የማያውቅ ጎረምሳ ነው። በጨዋታው ውስጥም ቤተ መንግሥት ገነባ። ግንብ ላይ ግንብ ከመረ፣ ፈረሶች ሰበሰበ። ቀጥሎ ፈረስ የሚጋልብበት ቀጥ ያለ መንገድ አማረው። መንገዱ መሀል የሬዲዮ ቤት ቆሞ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ቀለም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት ቤቱ የለም። በቦታው ትልቅ ጉድጓድ ተቦድሷል። ጠርዙ ፈንጂ እንደበላው ነው። ጉድጓዱ በግማሽ ተሞልቶ በላዩ ድንጋይ ተነጥፏል። የመስኮቱ አንዲት ኩብ ብቻ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች።

ሬዲዮ ወጣ፤ በሩን ዘጋ፤ መሥሪያ አዳራሹ ውስጥ ቆመ። ልዑሉ ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይስቃል።

«ቤቱስ?» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

«ምን አልክ? ድምፁን ጨምሩት እስቲ!»

«ቤቱ… የኛ ቤት።»

«እሱ? አሮጌ ነበር እኮ። የተፈለገው ቦታው ነው።» ልዑሉ ይህን ያለው የአባቱን ቃል ልድገም ብሎ አይደለም። አፉ ላይ የመጣለት እሱው ነበር። «አትዘን፣ ሌላ ትሠራለህ። ኩብ ሞልቷል!»

ጋሽ መጋዝ «ነውር ነው ልጄ» አሉ፣ ግን በለሆሳስ፤ የባለቤቱ ልጅ ነውና። ሶፋ ሰፊዋ መርፌዋ ላይ አቀረቀረች። ሬዲዮ «እሺ» አለና ተመልሶ ገባ። ብሩሹን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

ቅዳሜ እናቱ መጣች።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል እማ።»

«ቶሎ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ምን አለበት፣ እጠብቃለሁ» አለች፤ እስከዚያው በጠፋው ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ ሻርፗን አጣጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጣጠፈች። ሬዲዮ ያቺን ሻርፕ እያየ ማለ። ልዑሉ ይከፍላታል። እንዲሁ አይደለም፤ ፈርቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው እየሳቀበት ይከፍላታል።

በጨዋታው ውስጥ ለዓለሙ ባለቤት ብቻ የሚከፈት የትእዛዝ መጻፊያ አለ። ባለቤቱ ሬዲዮ ነው፤ ሌሎቹ እንግዶች ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ትእዛዝ የጻፈው ሶፋ ሰፊዋ «አበባዬ ሊበሰብስ ነው» ስትለው ዝናብ ለማቆም ብቻ ነበር። አሁን ግን ትእዛዞቹን ከላይ እስከ ታች ያነብ ጀመር። እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፤ የማያውቀውን ቃል በስልኩ መዝገበ ቃላት እየፈለገ ወረደ። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ላይ ቆመ። ተጫዋቹ የሰው ገላውን ጥሎ በጨዋታው ውስጥ ያለ ማንኛውንም ፍጡር እንዲሆን የምታደርግ ትእዛዝ ናት።

መጀመሪያ ዶሮ ሆነ። ክንፉን እያርገበገበ ሦስት ጊዜ ዞረና ራሱን ታዘበ፤ በዶሮ ማን ይደነግጣል? ቀጥሎ መብራት በል የሚባለውን ጻፈ።

መብራት በል በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ የሚፈራው ጭራቅ ነው። ቁመቱ የበር መቃን ያህላል፣ ዓይን የለውም፣ እጆቹ ጉልበቱን አልፈው ይንጠለጠላሉ። የሚኖረው ከምድር በታች፣ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ብቻ ነው፤ ችቦ ሲያይ ያጠፋል፣ በር ሲያገኝ ይሰብራል። ፀሐይ ላይ የወጣ መብራት በል ያየ ተጫዋች የለም። ሬዲዮ ትእዛዙን ጽፎ ሲጫን ከራሱ በላይ ተጽፎ የነበረው ስሙ ጠፋ። በስልኩ ስክሪን ግርጌ ሁለት ረጃጅም ጥቁር እጆች ታዩ። አንቀሳቀሳቸው። የሱ ናቸው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ልዑሉ ፈረስ ይጋልባል። ሬዲዮ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቆመ። ምንም አላደረገም፤ ቆመ ብቻ። ከቀለም ክፍሉ በር ባሻገር የልዑሉ ድምፅ ተሰማ።

«ያ ምንድን ነው? ኮረብታው ላይ! አያችሁት?»

«የቱ?» አሉ ጋሽ መጋዝ።

ሬዲዮ ከኮረብታው ጀርባ ወረደ።

«እዚያ ነበር እኮ! መብራት በል ነው፣ በእናቴ!»

«በጠራራ ፀሐይ?» አለች ሶፋ ሰፊዋ። «አንተ ልጅ፣ ምሳህን ብላ።»

ቀጥሎ መብራቶቹን ያዘ። ልዑሉ ከጨዋታው በሚወጣበት ሰዓት እየገባ፣ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ላይ አንዳንድ ችቦ ያጠፋል። ብዙ አያጠፋም። ልዑሉ ሲመለስ «እዚህ ጋ ችቦ አልነበረም?» ብሎ ራሱን እስኪጠራጠር ያህል ብቻ። በኋላ በረንዳው ጨለመ፤ በኋላ ደረጃው። በኋላ ልዑሉ የሚወደውን ነጭ ፈረስ ጋጣው ውስጥ ገደለው። የልዑሉ ጩኸት በዝግ በር አልፎ ሲመጣ ሬዲዮ ሳቁ እንዳይሰማ የቱታውን እጅጌ ነከሰ። እንዲህ የሳቀበትን ቀን አያስታውስም። ፈረሱ ምን አደረገው? ምንም። እሱን አላሰበውም፤ ወይም አስቦት ተወው።

ልዑሉ እየተለወጠ ሄደ። ጀርባውን ግድግዳ ላይ ሳያስደግፍ አይጫወትም። ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። የሚጫወቱት ሁሉ ወሬያቸው ይኸው ሆነ።

«ሬዲዮ፣ አንተስ አላየኸውም?» አለው ልዑሉ አንድ ቀን የቀለም ክፍሉን በር ከፍቶ።

«እኔ ምድር ውስጥ ድንጋይ ነው የምቆፍረው» አለ ሬዲዮ፤ እውነቱን ነው። ከፈረሰው ቤቱ ጉድጓድ ተነስቶ እስከ ቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ሥር ድረስ ዋሻ እየቆፈረ ነበር። ከአዳራሹ ወለል በታች ፈንጂ ደረደረ፤ ቤታቸውን ያፈረሰውን ዓይነት ፈንጂ። ቤተ መንግሥቱ በሰው ሁሉ ፊት፣ ባለቤቱ መሀሉ ቆሞ፣ ዶግ አመድ እንዲሆን ፈለገ። እናቱ ለሁለተኛው ቅዳሜ «ገና አልተሠራም» ተብላ ከደጅ ተመልሳለች።

ልዑሉ የመጨረሻውን ግንብ ሲጨርስ ሁሉንም ጠራ። ምሳ ሰዓት ላይ ባልተሸፈኑት ሶፋዎች ላይ ተደርድረው ስልኮቻቸውን ይዘው ወደ ቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ገቡ፤ አንዳንዱ አበባ ይዞ፣ ጋሽ መጋዝ ግንድ ይዘው።

«ሬዲዮስ?» አለ አንዱ።

«ድንጋዩን ይቆፍር፤ ለቤተ መንግሥት የሚሆን ልብስ የለውም» አለ ልዑሉ። ሳቁ።

ሬዲዮ ይህን ሰማ። ፊት ለፊቱ ያለቀ ቁም ሳጥን ቆሟል፤ ገና አሁን የተቀባው ቫርኒሽ እንደ ውኃ ያበራል። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ረጅሙ ጥቁር ገላ በደረጃው ወጣ፣ በጨለመው በረንዳ አለፈ፣ ትልቁ በር ጋ ደረሰ። እቅዱ በሩን ሰብሮ መግባት ነበር። ጭራቅ እንዲያ ነው የሚገባው። ግን ከአዳራሹ የሚወጣው ሳቅ ልቡን አስቶት ስለነበር አውራ ጣቱ የለመደችውን አደረገች። በሩን ከፈተ። ገባ። ዞረ። በቀስታ ዘጋው።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

መጀመሪያ የፈነዳው የሶፋ ሰፊዋ ሳቅ ነው። «በሩን ዘጋው እኮ! አያችሁት? ከኋላው ዘጋው!»

«የተማረ ጭራቅ ነው» አለ ሌላው።

ጋሽ መጋዝ ስልካቸውን ከዓይናቸው አራቁ። «እኔ ገብቶ በር ሳይዘጋ የማይራመድ ፍጡር በሕይወቴ ያየሁት ሁለት ነው» አሉ። «አንደኛውን ቀብሬዋለሁ።»

ሁሉም ወደ ቀለም ክፍሉ ዞሩ።

ልዑሉ ከሶፋው ዘሎ ተነሳ። በሩን በእግሩ ብሎ ከፈተውና መቃኑ ላይ ቆመ። ከጀርባው የመጋዙ ሳጋቱራ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጭስ እየተንሳፈፈ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመጣል።

«አንተ ነህ! አንተ ልክስክስ፣ አንተ ነህ ለካ…»

«በሩን!» አለ ሬዲዮ።

ድምፁ ጣሪያውን ነካ። ከጉሮሮው የወጣው የራሱ ድምፅ አልነበረም፤ ለዓመታት ጆሮው ውስጥ የተቀመጠው ነበር። ጋሽ መጋዝ ሳያስቡት ኮፍያቸውን አወለቁ። ልዑሉም ሳያስበው ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሬዲዮ ስልኩን አላስቀመጠም።

«ፈንጂው ከወለልህ ሥር ነው» አለ። «ጣቴን መጫን ብቻ ነው የሚቀረኝ።»

«ፈረሴን የገደልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለአባዬ ብነግረው ዛሬውኑ ከዚህ ትባረራለህ፣ ታውቃለህ?»

«ንገረው። ጭራቅ አስፈራራኝ በለው።»

ልዑሉ ይህን ለአባቱ ሲናገር፣ ሥራ ቤቱም ሲሰማ ታየው። ፊቱ እንደ ልጅ ቀላ።

«ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ቤታችንን ሥራ።»

«በትእዛዝህ አንተው ልትመልሰው አትችልም እንዴ?»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንተ ነህ የምትሠራው። በእጅህ። አንድ በአንድ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት የሥራ ቤቱ መዝናኛ ሆነ። ልዑሉ የፈረስ መንገዱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በድሮው ቦታ ላይ ድንጋይ እየጠረበ፣ ሳንቃ እየተሸከመ ይገነባል። ከኋላው ዓይን የሌለው ረጅም ጥቁር ነገር ቆሟል። ሬዲዮ አሁን ቀለም ክፍሉ ውስጥ አይደበቅም፤ ሶፋው ላይ ከልዑሉ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

«ሁለት ኩብ ወደ ግራ።»

«ሬዲዮ ባትሪ ገባለት!» ትላለች ሶፋ ሰፊዋ።

«ይህ ሳንቃ አይደለም። አፍርሰው።»

«ልክ ነው እኮ!»

መብራት በሉ ረጅም እጁን ዘርግቶ ሳንቃውን ይመታል፤ ሳንቃው ይወድቃል። አንዳንዴ ልዑሉ ልክ ነበር፤ ሬዲዮም ልክ መሆኑን ያውቅ ነበር። ግን ያን ሁሉ በር ተሸክሞ የወጣበት ቀን ትዝ ሲለው ግድግዳውን በሙሉ ያስፈርሰዋል። ልዑሉ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ይጀምራል። ጋሽ መጋዝ እንኳ አንድ ቀን «አሁንስ በዛ» አሉት። ሬዲዮ አልሰማም። ቂም እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማንም አልነገረውም ነበር።

ቤቱ እያለቀ ሲመጣ ልዑሉ ሳይታዘዝ አንድ ነገር አደረገ። ከበሩ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት የእንጨት ኩብ ለጠፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መስቀያ። አጎቴ፣ አባትህ፣ ለኛ ያደረጉልን፣ ለልጆቹ። ኮታችን መሬት እንዳይወድቅ። እዚህ ጋ ነበር እኮ፤ ረስተኸዋል?»

ሬዲዮ ረስቶት ነበር። አሁን ግን መጣበት፤ ሁለት ትናንሽ ኮቶች፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የዚህ ከይሲ፣ ባንዲት ሚስማር ላይ ተደራርበው። ቤቱ የሱ ብቻ ትዝታ እንዲሆን ነበር የፈለገው። መብራት በሉ እጁን አነሳና መስቀያውን መታው። ልዑሉ የወደቀችውን ኩብ አንስቶ ወደ ሌላው ሳንቃ ዞረ።

ቅዳሜ እናቱ መጣች። ሬዲዮ ኮምፒውተሩን ከፈተላት። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ድንጋዩን አለፉ፣ የሚጎተተው በር ተከፈተ፣ ዝቅ ካለው ጣሪያ ሥር ጎንበስ ብላ ራሷን ሸሸገች፤ ያው ልማዷ ነው። ወደ መስኮቱ ሲሄዱ ግን «ቆይ፣ ቆይ፣ ተመለስ» አለችው።

«ምነው እማ?»

«ከበሩ ጀርባ መስቀያ ነበር። የናንተ የልጆቹ። በፊትም አልሠራኸውም ነበር፤ ረስተኸው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩህ። ዛሬ ግን ሁሉም ነገር አዲስ የተሠራ ስለመሰለኝ ፈለግሁት።» ወደ ልጇ ዞረች። «አዲስ ነው አይደል? ማን ነው የሠራው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን ልዑሉ እንደተንበረከከ እናቱ እንድታውቅ ፈለገ። «የአጎቴ ልጅ ነው» አለ፣ ቃሉን እንደ ሚስማር እየመታ። «በገዛ እጁ። ምሳውን ትቶ።»

የእናቱ ፊት ሁሉ በራ። «እሱ? ያ ቅብጥብጥ ልጅ?» ተነስታ በሩን ከፈተች። ልዑሉ ግቢው ውስጥ መኪና ሲያሳጥብ ነበር። «ና እስቲ ወዲህ፣ አንተ!»

ልዑሉ መጣ። ዓይኑ ከሬዲዮ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ እሷ ሄደ። እናቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው።

«ተባረክ። አባትህ ያፈረሰውን አንተ ሠራህልኝ። እኔስ የሟቹ ውለታ ከዚህ ቤት ልጆች ልብ ወጥቷል ብዬ ነበር።»

ልዑሉ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። እውነቱን ለመናገር አፉ ላይ የደረሰ ነገር ነበረው፤ ሬዲዮ አየው፣ ጠበቀውም። ልዑሉ ግን ዋጠው። «መስቀያው ይቀራል፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰኞ እሠራዋለሁ።»

«ይኸው! እሱ አልረሳውም» አለች እናቱ፣ ለልጇ።

ሬዲዮ ማውሱን ጨብጦ ቆመ። ያስፈረሰው ግድግዳ፣ ያስለቀመው ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ድካም ዞሮ ለልዑሉ ምርቃት ሆነ። እሱ እጅ ላይ የቀረው መስቀያዋን ማፍረሱ ብቻ ነው።

እናቱ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ በስክሪኑ መስኮቱ ጋ ቆሙ። በመስኮቱ ውስጥ ግን ዛሬ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጎን አንድ ጥቁር ነገር ይታያል። ሬዲዮ ትናንት ከስልኩ ሲወጣ የጭራቁን ገላ እዚያው ትቶት ነበር፤ በኮምፒውተሩ የሚገባው በሌላ ገላ ነው።

«ይህ ደግሞ ማን ነው?» አለች፤ አልደነገጠችም።

«ዘበኛ ነው እማ።»

«ምነው ዓይን የለው?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ግን ደግ ይመስላል። በሩን ዝጋው ልጄ፤ አቧራ ይገባል።»

ወደ ግቢው ሲወጡ ልዑሉ ሬዲዮን ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ አስቀረው። «በቃን አይደል?» አለው በሹክሹክታ። «ፈንጂውን ታወጣዋለህ?»

«በቃን» አለ ሬዲዮ። ስለ ፈንጂው ምንም አላለም።

ሰኞ መስቀያዋ ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ ተገኘች። ሬዲዮ መብራት በል ሆኖ ፊቷ ቆመ። እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። ኮት አልነበረውም እንጂ ይሰቅል ነበር። ወጣና የቤታቸውን በር ዘግቶ በአዲሱ የፈረስ መንገድ ላይ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደ።

የሰው ገላውን የሚመልስለትን ትእዛዝ እስከ ዛሬ አልጻፈም። ችቦ አያጠፋም፣ ፈረስ አይነካም፤ ፈንጂውን ግን አላወጣም። ልዑሉም ቤተ መንግሥቱን ለቆ ሲወጣ፣ ሰው ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ይተወዋል፤ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሲመለስ ደረጃው ግርጌ ይቆማል። ሶፋ ሰፊዋ «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ትለዋለች። ሬዲዮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ዝም ይላል፤ እንደ ድሮው።

በሩ ዝግ ነው። የዘጋው ማን እንደሆነ ልዑሉ ያውቃል። ከውጭ ሆኖ ይሁን ከውስጥ ሆኖ ግን አያውቅም።